የታሸገ ውሃ ሳይገዙ የቧንቧ ውሃ መጠጣት፦ ከቆጣሪ እስከ ብርጭቆ

አምስት ሰው የሚኖርበት ቤት እያንዳንዱ በቀን 2 ሊትር ቢጠጣ በወር 300 ሊትር ይፈጃል። በታሸገ ውሃ ሲሰላ 150 ባለ2 ሊትር ሃይላንድ ማለት ነው፤ በቆጣሪ ሲሰላ ግን የ1 ሜትር ኪዩብ ሲሶ እንኳ አይሞላም። የሰፈርዎን ሱቅ ዋጋ በ150 ያባዙና ከወርሃዊው የውሃ ቢል ጎን ያስቀምጡት።

ዋጋው ብዙ አያከራክርም፤ ሰው የሚፈራው ንጽሕናውን ነው። አዲስ አበባን ብንወስድ፣ የለገዳዲና የገፈርሳ ውሃ ወደ ከተማ የሚለቀቀው ተጣርቶና ክሎሪን ተጨምሮበት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ከዚያ ወዲህ ነው፦ በፈረቃ ባዶ በሚሆነው መስመር፣ በሮቶው፣ በጀሪካኑ፣ በመቅጃው ጣሳ። የቤቱ ሰው ሊቆጣጠረው የሚችለውም ይሄንኑ የመጨረሻውን መንገድ ነው።

1. ቀጥታ የሚቀዳውን ቧንቧ ይለዩ

ውሃ በመጣበት ሰዓት ከሮቶው የሚወርደውን መስመር ይዝጉና ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ ይክፈቱ። መፍሰሱን የማያቆመው ከመንገዱ መስመር ቀጥታ የሚመጣው ነው፤ ብዙ ግቢ ውስጥ ከቆጣሪው አጠገብ ያለው ይሆናል። ለመጠጥ ከዚያ ብቻ ይቅዱ። ኮንዶሚኒየም ላይኛው ፎቅ ላይ ሆነው ሁሉም ቧንቧ ከሮቶ የሚወርድ ከሆነ 5ኛውን ደረጃ አይዝለሉት።

አንድ ነገር ግን አያድርጉ፤ ውሃ ለመሳብ ፓምፕ ከቆጣሪው ጋር ቀጥታ አያገናኙ። ፓምፑ ሲጠባ በተሰነጠቀ ቱቦ ዙሪያ ያለውን ቆሻሻ ጭምር ወደ መስመሩ ያስገባል፤ የሚጎዳውም የእርስዎን ቤት ብቻ ሳይሆን ጎረቤትንም ነው።

2. መጀመሪያ የመጣውን አይጠጡ

ፈረቃው ሲቋረጥ መስመሩ ውስጥ ግፊት አይኖርም፤ ከላላ መጋጠሚያና ከተሰነጠቀ ቱቦ ውጪ ያለው እርጥበት፣ የፍሳሽ ቆሻሻም ሳይቀር፣ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ውሃው ሲመለስ ያንን ገፍቶት ይመጣል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ባልዲዎች ለልብስ፣ ለወለልና ለሽንት ቤት ያውሉና ጠርቶ ሲወርድ ለመጠጥ ይቅዱ።

መጥራቱን ለማወቅ በንጹሕ ብርጭቆ ቀድተው ብርሃን ላይ ይያዙት። እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ከታች ወደ ላይ በአንድ ሁለት ደቂቃ ከጠራ አየር ነው፤ ችግር የለውም። ቡናማ ሆኖ ከሥር ከዘቀጠ ዝገት ወይም አፈር ነውና ማፍሰሱን ይቀጥሉ። የፍሳሽ ሽታ ካለው ለመጠጥ አይሆንም፤ ለውሃ ቢሮው ያስታውቁ። በረኪና በረኪና ማለቱን ግን ብዙ ሰው በከንቱ ይጠላዋል። ክሎሪኑ እስከ ቤትዎ ድረስ አልሞተም ማለት ነው፤ ከድኖ ፍሪጅ ውስጥ ያደረ ውሃ ሽታው ይቀንሳል።

3. ጀሪካኑን ያዘጋጁ

ፈረቃው በየ4 ቀኑ ከሆነ በቀን 10 ሊትር ለሚጠጣ ቤት ሁለት ባለ20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል፤ ውሃ ለሚዘገይበት ቀን ሦስተኛ ይጨምሩ። የምግብ ዘይት የነበረበት ይሆናል፤ ቀለም፣ ነዳጅ ወይም ፀረ ተባይ የነበረበት ግን ምንም ቢታጠብ አይሆንም።

ለማጠብ አንድ እፍኝ ንጹሕ ጠጠር፣ ፈሳሽ ሳሙናና 2 ሊትር ውሃ ጨምረው በደንብ ይናጡት፤ እጅ የማይደርስበትን አረንጓዴ ልጋግ የሚያነሳው ጠጠሩ ነው። ካለቀለቁ በኋላ 2 ሊትር ውሃ ውስጥ 2 የሾርባ ማንኪያ በረኪና ጨምረው ጎኑን ሁሉ እንዲነካ ያገላብጡ፤ 30 ደቂቃ ቆይተው እንደገና በደንብ ያለቅልቁ። መክደኛውንና ጥርሱን አይርሱ። አረንጓዴው የሚመለሰው በብርሃን ነውና ጀሪካኑ ጨለም ያለ ቦታ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ።

4. ውሃውን ያክሙ

ማፍላት። እርግጠኛው ዘዴ ይህ ነው፤ ክሎሪን በቀላሉ የማይገድለውን ጃርዲያንም ይገድላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ከተማ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ፤ ቆላ ላይ 1 ደቂቃ ይበቃል። በፈላበት ድስት ውስጥ እንደተከደነ ይቀዝቅዝ። ከፈላ በኋላ ውስጡ የሚከላከል ነገር ስለማይኖር ያልታጠበ ዕቃ ውስጥ ከተገለበጠ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። 10 ሊትር ለማፍላት 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ መብራት ይበላል። ጣዕሙ ከሞተብዎ ከአንዱ ንጹሕ ዕቃ ወደ ሌላው ደጋግመው ያንቆርቁሩት።

ክሎሪን። ውሃ አጋር የሚባለውን ፈሳሽ ክሎሪን ወይም የውሃ ማከሚያ እንክብል ካገኙ መለያው ላይ የተጻፈውን መጠን ይከተሉ፤ አንዳንዱ እንክብል ለ20 ሊትር፣ አንዳንዱ ለጥቂት ሊትር ብቻ የተሠራ ነው። በረኪና የሚጠቀሙ ከሆነ ሽታና ሳሙና ያልተጨመረበት፣ በቅርብ የተመረተና መለያው 5 በመቶ የሚል ይሁን። ጥንካሬው ያልተጻፈበትን ለመጠጥ አይጠቀሙ። ከፋርማሲ መርፌ የሌለው ትንሽ ሲሪንጅ ይግዙና ለ20 ሊትር የጠራ ውሃ 0.8 ሚሊ ሊትር ይለኩ፤ ትንሽ ለደፈረሰ 1.6። ከድነው ነቅንቀው 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ሲከፍቱት ቀላል የክሎሪን ሽታ መኖር አለበት። ምንም ካልሸተተ ያንኑ መጠን አንዴ ይድገሙና 15 ደቂቃ ይጠብቁ፤ አሁንም ካልሸተተ ቆሻሻው ክሎሪኑን እየበላው ስለሆነ ውሃውን ለሌላ ሥራ ያውሉት።

በጣም የደፈረሰ ውሃ ላይ ክሎሪን መጨመር ብክነት ነው። መጀመሪያ አሳድረው ያዝቅጡት፣ ከላይ ያለውን ቀስ ብለው በታጠበ ወፍራም ጨርቅ ያጥልሉ፣ ከዚያ ያክሙ።

ማጣሪያ። ከላይ የሸክላ ሻማ (ውሃው ሰርጎ የሚጣራበት ክፍል) ያለው፣ ከታች ቧንቧ ያለው ባለሁለት ክፍል ማጣሪያ ባክቴሪያንና ጃርዲያን በደንብ ይይዛል፤ ቫይረስ ግን ሊያመልጠው ይችላል። ማንጠባጠቡ ሲዘገይ ሻማውን ያለ ሳሙና በለስላሳ ብሩሽ ይፈትጉት። ስንጥቅ ካዩ፣ የፀጉር ያህል ቢቀጥንም፣ ይቀይሩት። ዘግይቶ የነበረው ማጣሪያ ሳይነካ በድንገት መፍጠን ከጀመረ አብዛኛውን ጊዜ ሻማው ተሰንጥቋል ወይም ከሥሩ ያለው ጎማ ላልቷል።

5. ሮቶውን በየ6 ወሩ ይጠቡ

ባዶ ያድርጉት፣ ከሥር የተጋገረውን ጭቃ ፈትገው ያውጡ፣ ያለቅልቁ። ከዚያ 1,000 ሊትር ለሚይዝ ሮቶ 1 ሊትር ባለ5 በመቶ በረኪና ጨምረው ይሙሉት። የቤቱን ቧንቧ ሁሉ ክሎሪን እስኪሸት ከፍተው ይዝጉና 24 ሰዓት ይቆይ። በዚህ ጊዜ ከቧንቧው ማንም እንዳይጠጣ ለቤተሰቡም ለጎረቤትም ይንገሩ። በማግስቱ አፍስሰው በአዲስ ውሃ ይሙሉ። መክደኛው የማይገጥም ከሆነ ግን እርግብና አይጥ ስለማይቀሩበት ከማጠቡ በፊት መክደኛውን ያሠሩ።

6. ጣሳ አይንከሩ

የታከመ ውሃ እንደገና የሚበከለው በብዛት እዚህ ላይ ነው። በርሜልና ባልዲ ውስጥ ጣሳ ሲነከር የነካሪው እጅም አብሮ ይነከራል። ከጀሪካን ማንቆርቆር ወይም ከታች ቧንቧ ያለው ክዳናም ዕቃ መጠቀም ይሻላል። ባዶ ሃይላንድ እየሞሉ ለወራት መጠቀምም አይመከርም፤ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ውስጡ አይታጠብም።

የታሸገ መግዛት ያለብዎ መቼ ነው?

በስምጥ ሸለቆ፣ በተለይ የጉድጓድ ውሃ በሚጠጣባቸው ቦታዎች፣ ፍሎራይድ ከ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ሊበልጥ ይችላል። የልጆች ጥርስ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ የሚያመጣው እሱ ነው። ማፍላት አያጠፋውም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ያከማቸዋል፤ ክሎሪንና የሸክላ ሻማም አይነኩትም። እዚያ ያለ ቤተሰብ፣ በተለይ ትንንሽ ልጆች ካሉት፣ ፍሎራይድ የሚያስቀር ማጣሪያ ወይም ሌላ ምንጭ ያስፈልገዋል። የሰፈር መስመር ተሰብሮ ፍሳሽ ሲቀላቀል፣ ነዳጅ ወይም ኬሚካል ሲሸት፣ ወይም መንገድ ላይ ሲሆኑም የታሸገ ይግዙ። ሲገዙ የክዳኑ ቀለበት ሳይበጠስ መኖሩን በጣትዎ አዙረው ያረጋግጡ፤ ከመንገድ ተለቅሞ እንደገና የተሞላ ሃይላንድ ክዳኑ ሲከፈት አይንቋቋም።