ሕመም ሥራ ሲያስቆማችሁ መልቀቂያ አትጻፉ

ታላቅ እህቴ ኩላሊቷ ታሞ ዳያሊስስ (የኩላሊት እጥበት) ስትጀምር 46 ዓመቷ ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን መቅረት ግድ ሆነባት። አንድ ቀን የሰው ኃይል ክፍል ጠርተው "ለምን ትንገላቻለሽ፣ መልቀቂያ አስገቢና ቤትሽ ዕረፊ" አሏት። ደብዳቤውን በእጇ ጽፋ የአልትራሳውንድ ፖስታዋ ውስጥ ከታ ቤት መጣች። የቀረው ፊርማ ብቻ ነበር። እንኳንም አልፈረመች።

በፈቃዱ ሥራ የለቀቀ ሰው፣ የአገልግሎት ዘመኑ ቢሟላ እንኳ፣ የጡረታ አበሉን ለማግኘት በአብዛኛው 60 ዓመት እስኪሞላው መጠበቅ አለበት። እህቴ ብትፈርም 14 ዓመት ልትጠብቅ ነበር ማለት ነው። በሕመም ምክንያት መሥራት እንደማይችል በሐኪም ተረጋግጦ የተሰናበተ ሰው ግን 10 ዓመት ካገለገለ ዕድሜው ስንትም ይሁን የጤና ጉድለት ጡረታ አበል ያገኛል፤ አበሉም እስከ ዕድሜ ልክ ነው። ስለዚህ ማንም ቢያግባባችሁ፣ አለቃችሁ የልብ ወዳጃችሁ ቢሆን እንኳ፣ መልቀቂያ አትጻፉ።

መጀመሪያ የሕመም ፈቃዳችሁን ተጠቀሙ። በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ (አዋጅ 1156/2011) የግል ድርጅት ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው፦ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ያለ ክፍያ። ገንዘቡ ሳይቋረጥ ነው ወረቀት ማሰባሰብ ያለባችሁ። እኛ የጀመርነው ደመወዟ ግማሽ ከሆነ በኋላ ነበርና፣ የታክሲ እንኳ እየቸገረን ነው የተመላለስነው።

ከዚያ መሥሪያ ቤታችሁ ለሆስፒታል የሐኪሞች ቦርድ ደብዳቤ እንዲጽፍላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ማመልከቻችሁን መዝገብ ቤት አስገቡና ቅጂው ላይ ቁጥርና ማኅተም አስመቱ። ቦርድ ፊት ስትቀርቡ የበሽታው ስም ብቻውን አይበቃም። ሐኪሞቹ ማወቅ የሚፈልጉት ሥራችሁን መሥራት ትችሉ እንደሆነና ሕመሙ ዘላቂ መሆኑን ነው። እህቴ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ቆጣሪ ነበረች፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ፣ ካርቶን እያነሳች። ይሄን በዝርዝር የሚገልጽ የሥራ መደብ ደብዳቤ ይዛ ስትቀርብ ነው ነገሩ የገባቸው።

አገልግሎት ስትቆጥሩ የመንግሥትና የግል ድርጅት ዘመናችሁ ይደመራል፤ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። እህቴ 5 ዓመት መንግሥት ቤት፣ 13 ዓመት ግል ድርጅት ሠርታለች፤ በድምሩ 18። ግን የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት በግል የሠራችሁትን ሳታጣሩ አትቁጠሩ። ስሌቱም ይኸው፦ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው እያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ። አማካዩ 12,000 ብር የሆነ የ18 ዓመት ሠራተኛ 40 በመቶ፣ ማለትም 4,800 ብር ያገኛል። የትራንስፖርትና የቤት አበል አይገባም፤ መሠረታዊ ደመወዝ ብቻ ነው።

10 ዓመት ካልሞላችሁ ዳረጎት የሚባል የአንድ ጊዜ ክፍያ ነው ያለው። ሕመሙ ከሥራው የመጣ ከሆነ ግን መንገዱ ሌላ ነው፤ የሥራ ላይ ጉዳት አበል 10 ዓመት አይጠይቅም፣ ስለዚህ ሐኪሙ ምክንያቱን በግልጽ እንዲጽፍላችሁ ለምኑት።

ወረቀቶቻችሁን ዛሬውኑ አውጥታችሁ እዩ። የቅጥር ደብዳቤ፣ የደመወዝ ጭማሪ ደብዳቤዎች፣ የጡረታ መለያ ቁጥር። ስማችሁ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ፊደል ይሁን፤ አንዷ "ሀ" እና "ኃ" ስንት ጊዜ አመላልሳናለች! ዕድሜያችሁ የሚያዘው መጀመሪያ ስትቀጠሩ በተመዘገበው ነው። የጋብቻና የልጆች የልደት ማስረጃም አብራችሁ አስገቡ፤ እናንተ ብታልፉ ለትዳር አጋራችሁ የአበሉ 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ 20 በመቶ የሚከፈለው በዚያ ማስረጃ ነው።