ቨርሽን ኮድ በእጅ መጨመር ይብቃችሁ

አንድሮይድ አፕ የምትሠሩ ልጆች፣ ቨርሽን ኮዱን (ፕሌይ ስቶር አንዱን የአፕ እትም ከሌላው የሚለይበትን ቁጥር) በእጃችሁ እየጨመራችሁ ከሆነ ተዉት። ፕሌይ ስቶር አንዴ የተቀበለውን ቁጥር ዳግም አይቀበልም። እኔ አርብ ማታ ቢልዱን (ኮዱ ወደ አፕ ፋይል ሲቀየር) ስጠብቅ አምሽቼ፣ ልጭነው ስል ቁጥሩ ተይዟል ብሎ መልሶኛል። ያውም የላፕቶፑ ባትሪ ሊያልቅ ሲል።

ጊትሃብ አክሽንስ (አፑን በራሱ ቢልድ የሚያደርግላችሁ የጊትሃብ አገልግሎት) ካላችሁ፣ ረን ነምበር የሚባለውን ተራ ቁጥር አፑን ለሚገነባው መሣሪያ፣ ለፍላተር ወይም ለግሬድል፣ የቢልድ ቁጥር (ማለትም ቨርሽን ኮድ) አድርጋችሁ አቀብሉት። ዎርክፍሎው (እዚያ የጻፋችሁት የሥራ ቅደም ተከተል) አዲስ በተነሳ ቁጥር ራሱ አንድ ይጨምራል። ግን ልብ በሉ፦ ያንኑ ሥራ ሪ-ረን (ድገመው) ብትሉት ቁጥሩ አይለወጥም፤ አዲስ የዎርክፍሎው ፋይል ከከፈታችሁ ደግሞ ከ1 ይጀምራል። ስለዚህ ስቶር ላይ 340 ደርሳችሁ ከሆነ ረን ነምበሩ ላይ 400 ደምሩና ላኩት።

ቀንና ሰዓትን ቨርሽን ኮድ አድርጎ መጠቀም የሚወድም አለ። እስከ ሰዓቱ ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ 2025061514፣ ይሠራል፤ ደቂቃ ከጨመራችሁበት ግን የፕሌይ ጣሪያ 2100000000 ስለሆነ አያልፍም። እኔ አልመክረውም፤ አንዴ እዚያ ከወጣችሁ ወደ ትንሽ ቁጥር መመለስ የለም። በፈረንጆቹ 2100 ሲገባ የሚሆነውን የልጅ ልጆቻችን ያስቡበት።