የ20ኛውን ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ የግጥም ተውኔት በጆሮ ማንበብ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ መድረክ የታዩትን የግጥም ተውኔቶች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነብ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሰናከለው እንደ ሼክስፒር ስንኝ በየመስመሩ አሥር ቀለም ሊቆጥር ሲሞክር ነው። ገጣሚውና ጸሐፌ ተውኔቱ ቲ. ኤስ. ኤልየት ከዚያ ድምፅ ለመራቅ ሆን ብሎ ስለጣረ ቆጠራው አያስኬድም። ኋላ የደረሰበት ስልት የመስመሩ ርዝመትና የቀለሙ ብዛት የሚለዋወጥበት፣ ነገር ግን ሦስት ጠንከር ብለው የሚነገሩ ድምፆችና በመካከላቸው አንድ ዕረፍት ያሉበት ነው። ስለዚህ እርሳስ ይያዙና ጮክ ብለው እያነበቡ ጠንካሮቹን ቃላት ያስምሩባቸው፤ ዕረፍቱ የሚወድቅበትንም ቦታ ምልክት ያድርጉበት። አልገጥም የሚል መስመር ሲያጋጥምዎ አያስገድዱት።

ለመነሻ የኤልየት «ግድያ በካቴድራሉ» ይሻላል። ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1935 የታየው በካንተርበሪ ካቴድራል ቅጥር ውስጥ ሲሆን፣ ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ቤኬት በ1170 የተገደለውም እዚያው ካቴድራል ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ከግጥሙ ይልቅ ግጥሙ የሚቋረጥባቸውን ሁለት ቦታዎች፣ ማለትም የገና ዕለቱን ስብከትና የገዳዮቹን ንግግር፣ ልብ ብለው ይመልከቱ። በኅብረ ድምፅ የሚናገሩት የካንተርበሪ ሴቶች በረጃጅም ስንኞች ካለቀሱ በኋላ፣ ገዳዮቹ አራት የንጉሡ ናይቶች (ባላባት ወታደሮች) ወደ ተመልካቹ ዞረው በስብሰባ ላይ እንዳለ ፖለቲከኛ በለሰለሰ ዝርው ራሳቸውን ይከላከላሉ። የሴቶቹን ለቅሶና የናይቶቹን ንግግር ሳያቋርጡ አከታትለው ካላነበቡ፣ ኤልየት ተመልካቹን ለማስደንገጥ ያሰበው ለውጥ ያመልጥዎታል።

ሌላው ጸሐፌ ተውኔት ክሪስቶፈር ፍራይ በ1948 ያቀረበው «እመቤቲቱ ለእሳት አይደለችም» ግን በፍጥነት መነበብ ያለበት ሥራ ነው፤ በእያንዳንዱ ዘይቤ ላይ የቆመ አንባቢ ቀልዱን ይገድለዋል።

በ1949 በኤድንብራ ፌስቲቫል የታየው የኤልየት «የኮክቴል ግብዣ» ከሁሉም ይከብዳል። የካንተርበሪ ሴቶቹን ዓይነት ኅብረ ድምፅ ኤልየት ትቶታል፤ ስንኙንም በጣም ስስ ከማድረጉ የተነሣ በ1951 ባሳተመው ጽሑፍ በተውኔቱ ውስጥ ግጥም መኖር አለመኖሩን ራሱ አጠያያቂ አድርጎታል። በእኔ ግምት ቁጠባው ከመጠን አልፏል፤ ያም ሆኖ በመክፈቻው የእንግዶች ጨዋታ ላይ ስንኙ በግልጽ ይሠራል። አንዱ ስለ ነብር ያወጋውን ሌላዋ በተሳሳተ መንገድ ተረድታ ስትጠይቀው፣ አንድ መስመር ለሁለት ተናጋሪ ይከፈላል። ይህን ገጽ ከሌላ ሰው ጋር ሆነው ያንብቡት፤ ሁለተኛው ተናጋሪ ትንፋሽ ሳይወስድ ወዲያው ይቀበል፣ ዕረፍቱንም መስመሩ እስኪሞላ ያቆየው።