ሐዋሳ ላይ የኮሌጅ ባስኬት ረዳት አሰልጣኝ ለመሆን ከየት ይጀመራል

ሰሞኑን ሶስት ልጆች በቴሌግራም "ኮች፣ አሲስታንት እንዴት ነው የሚኮነው" ብለው ጠየቁኝና ለእያንዳንዱ ቮይስ እየላኩ ከምደክም አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። ሁለቱ ስፖርት ሳይንስ ጂሲ (ተመራቂ) ናቸው፣ አንዱ ደሞ አካውንቲንግ ነው፣ እሱማ "እኔን አይመለከተኝም መሰለኝ" ብሎ ነው የጀመረው። ወደሱ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ሲቪ አንጠልጥላችሁ ቢሮ አትሂዱ። ቢሮ ያለው ሰውዬ ባጀት የለም ነው የሚላችሁ፣ እውነቱንም ነው። ሜዳ ሂዱ። ልምምድ ወይ ጠዋት 12 ሰዓት ነው ወይ ከክላስ በኋላ ወደ 11 ሰዓት ግድም፣ ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ንፋስ ከሩቅ የተወረወረች ኳስ እያጣመመ ማለት ነው፣ እናንተ ከቡድኑ 20 ደቂቃ ቀድማችሁ ተገኙ። ኳስ ንፉ፣ ኮን ደርድሩ፣ ልጆቹ ሲወረውሩ ሪንግ ስር ቆማችሁ ኳስ መልሱ። አንደኛው ሳምንት ማንም ስማችሁን አይጠይቅም። በሁለተኛው ወይ በሶስተኛው ዋናው ኮች ስልክ ይደወልለትና "አንተ ልጅ፣ እስቲ ፊሽካውን ያዝልኝ" ይላል። ቅጥሩ እሱ ነው፣ ሌላ ደብዳቤ የለውም። በነገራችን ላይ ሜዳ ላይ ቶሎ የሚጠፋው ኳስ ሳይሆን የመንፊያዋ መርፌ ናት፣ እኔ ዋሌቴ ውስጥ ከመታወቂያዬ ጀርባ ሁለት ይዤ ነው የምዞረው፣ ልጆቹ ይስቁብኛል ግን ስንት ልምምድ አትርፋለች።

ሜትርም ያዙ። የሜዳችሁ ቀለም የድሮ ከሆነ የሶስት ነጥብ መስመሩ 6.25 ሜትር ላይ ሊሆን ይችላል፣ ፊባ (የዓለም ባስኬት ፌዴሬሽን) ወደ 6.75 የገፋው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ግማሽ ሜትር ምን ያመጣል ትሉ ይሆናል፣ ልጁ ዓመቱን ሙሉ 6.25 ላይ ሲያገባ ከርሞ ሌላ ካምፓስ ሲሄድ ኳሱ በሙሉ የሪንጉን ፊት እየመታ ይመለሳል፣ ከዛ "ኮች ዛሬ እጄ ሞተ" ይላችኋል። እጁ ምንም አልሆነም፣ መስመሩ ነው። ሪንጉም ሰው እየተንጠለጠለበት ስለሚያጎነብስ ከመሬት 3.05 መሆኑን ለኩ፣ መስመሩን ደሞ በኖራም ቢሆን አዲስ አስምሩ።

ህጉ ላይ ስንመጣ ብዙዎቻችሁ ባስኬት የተማራችሁት ከዩቲዩብ የአሜሪካ ኮሌጅ ጨዋታ እያያችሁ ነው፣ ችግር የለውም ግን የነሱ ህግ ሌላ ነው። እዛ ወንዶቹ ሁለት ጊዜ ሃያ ሃያ ደቂቃ ነው የሚጫወቱት፣ ለማጥቃት 30 ሰከንድ አላቸው፣ ታይም አውትም ተጫዋቹ ራሱ መጥራት ይችላል። እኛ የምንጫወተው በፊባ ነው፣ አራት ጊዜ አስር አስር ደቂቃ፣ 24 ሰከንድ፣ የራስህን ሪባውንድ (ሪንግ ነክታ የተመለሰችውን ኳስ) ስታነሳ 14፣ ታይም አውት ደሞ መጠየቅ የሚችለው ዋናው አሰልጣኝ ወይ አንደኛ ረዳቱ ብቻ ነው፣ የሚጠየቀውም ዳኛው ሳይሆን ሰዓትና ነጥብ የሚይዙት ሰዎች ያሉበት ጠረጴዛ ነው። በመጀመሪያው አጋማሽ 2፣ በሁለተኛው 3፣ የመጨረሻዋ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ግን ከ2 በላይ አይሰጥም። ስንት እንደቀረ ዋናው ኮች አያስታውስም፣ እንዲያስታውስም አትጠብቁ፣ ለዛ ነው እናንተ ያላችሁት።

አንዷን ህግ ግን በራሴ ላይ ደርሶ ነው የተማርኳት። የመጀመሪያ ዓመቴ ነው፣ ከሜዳችን ውጪ፣ በሁለት ነጥብ እየተመራን ልጃችን ሌይ አፕ ሲገባ እጁን መቱት፣ ፊሽካ የለም፣ እኔ ብድግ ብዬ መስመሩ ድረስ ሄጄ ለዳኛው የማይባል ነገር አልኩት። ቴክኒካል (የስነምግባር ፋውል) ሰጠኝ። በኔ ስም የሚጻፍ መስሎኝ "ይጻፋ!" ብዬ ተቀመጥኩ። ለካ የቤንች ሰው ጥፋት ስኮርሺቱ (የጠረጴዛው መዝገብ) ላይ ዋናው አሰልጣኝ ላይ ነው የሚመዘገበው፣ "ቢ" ተብሎ፣ እንደዛ ሶስት ከሞላ ሰውዬው ራሱ ይባረራል። ፍሪ ስሮዋን (ነጻ ውርወራዋን) አገቧት፣ ጨዋታውም በሶስት ነጥብ አለቀ። ጋሼ (ዋናውን ኮች ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው) ባስ ውስጥ እስከ ዝዋይ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ዝዋይ ሻይ ልንጠጣ ስንወርድ ብርጭቆዋን አስቀመጡና "ልጄ፣ መናደዱን ለኔ ተወው፣ አንተ ቁጠር" አሉኝ። ከዛ ወዲህ ቤንች ላይ እሳቸው ከቆሙ እኔ ቁጭ ነኝ፣ ህጉም ቢሆን ከሁለታችሁ ቆሞ መቆየት የሚችለው አንድ ሰው ነው የሚለው።

ምን ይቆጠራል? ደብተሩን መሀል ለመሀል ክፈሉት፣ የኛ እና የነሱ። በየማልያ ቁጥሩ ፋውል፣ አምስት የሞላ ወጣ፣ ቡድኑ ደሞ በአንድ ኳርተር አራት ከሞላ ከዛ በኋላ ዲፌንስ ላይ የምትሰራው እያንዳንዷ ፋውል ሁለት ፍሪ ስሮ ናት። ኳርተር ባለቀ ቁጥር ደብተራችሁን ከጠረጴዛው ስኮርሺት ጋር አስተያዩ፣ አይናችሁን አትመኑ። ከዛ ያባከናችኋት ኳስ፣ የማጥቃት ሪባውንድ፣ ፍሪ ስሮ፣ ከየት ተወርውሮ ስንቱ እንደገባ፣ ለዚህ ሜዳ ስላችሁ የገባውን ክብ የሳተውን ኤክስ አድርጉ። አካውንቲንግ ያልኩት ልጅ እዚ ጋ ነው የሚያስፈልገኝ። ስፖርት ሳይንሶቹ (እኔም ነኝ፣ አትቀየሙኝ) ማሟሟቂያውን እና የሰውነት ነገሩን ያውቁታል፣ ቁጥር ሲባል ግን እንተኛለን፣ ይሄ ልጅ ግን አንድ ሰንጠረዥ ሰርቶ "ኮች፣ በቀኝ ኮርነር ከወረወርናቸው አስራ አንድ ኳሶች አንድ ነው የገባው" ቢለኝ ጋሼ በሚቀጥለው ቀን ልምምዱን በሱ ነው የሚቀይሩት። ቪዲዮ በስልክ ይበቃል፣ ከፍ ካለ ቦታ፣ ሙሉ ሜዳው ይግባ፣ ኳሷን እየተከተላችሁ አታወዛውዙት።

የቆጠራችሁትን መናገር ደሞ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ታይም አውት 60 ሰከንድ ነው፣ ልጆቹ ተሰብስበው ውሃ እስኪጨብጡ አስራ አምስቱ ያልቃል። እናንተ ለልጆቹ አትናገሩም፣ ጋሼ ወደ ክቡ ከመግባታቸው በፊት ጆሯቸው ጋ "ጋሼ፣ 7 ቁጥራቸው አራት ፋውል አለበት፣ በግራ ብቻ ነው የሚነዳው" ብላችሁ ዝም። "ዲፌንስ ይጠንክር ጋሼ" የሚል ረዳት አይጠቅማቸውም፣ እሱንማ ትሪቡን ላይ ቆሎ የሚበላውም ይላል።

ከሜዳ ውጪ ያለው ስራ ይበዛል እንጂ አያንስም። ዐቢይ ጾም ሲገባ የቡድኑ ግማሽ እስከ 9 ሰዓት አይበላም፣ ሮመዳን ሲሆን ሌሎቹ ካላፈጠሩ ጉልበት የላቸውም፣ ጴንጤዎቹ ደሞ ድንገት የጾም ጸሎት ሳምንት ያውጃሉ፣ እና ማን መቼ እንደበላ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ጋሼ "ምን ሆና ነው የምትጎተተው" ብለው ከመጮሃቸው በፊት "ከትናንት ማታ ጀምሮ አልበላችም" ማለት አለባችሁ። ሚድ እና ፋይናል መቼ እንደሆነም ጻፉ። ልጆቹ ለናንተ የሚያወሩትን ለዋናው አያወሩም፣ "ኮች ለጋሼ እንዳትነግርብኝ" ሲሏችሁ የጉልበት እብጠት ከሆነ ያኔውኑ ንገሩ፣ ከፍቅረኛው ጋር ፍቅር ሐይቅ ላይ ተጣልቶ ከሆነ ግን ከናንተ አይውጣ።

አሜሪካ ይሄ ሁሉ ተከፋፍሏል፣ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በትልቁ የኮሌጅ ዲቪዥን ያለ ቡድን እስከ አምስት ረዳት መያዝ ይችላል፣ ህጉ ሲወጣ ከነሱ ከካምፓስ ወጥተው ተጫዋች መመልመል የሚችሉት ሶስቱ ነበሩ። እዚ መልማዩም ቪዲዮ አንሺውም ማልያ ቆጣሪውም አንድ ሰው ነው። እና "ስንት ዓመት ረዳት ሆኜ ነው ዋና የምሆነው" ለሚለው መልስ የለኝም። ኤሪክ ስፖልስትራ የኤንቢኤው ማያሚ ቪዲዮ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1995 ገብቶ በ2008 ነው ዋና የሆነው፣ ኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የነበረው ቢል ጋትሪጅ ግን ሰላሳ ዓመት የዲን ስሚዝ ረዳት ሆኖ በ1997 በ60 ዓመቱ ነው ቦታውን የያዘው፣ ከዛ በሶስት ዓመት ሁለት ጊዜ ቡድኑን መጨረሻ አራት ውስጥ አስገባ። ሰውዬው ሰላሳ ዓመት ሲቆጥር ነበር ማለት ነው።

ብሩን ልንገራችሁ፣ አበል ነው፣ እሱም ውድድር ሲኖር። ስለዚ ሌላ ስራ ይኑራችሁ፣ ትምህርት ቤት ስፖርት ማስተማርም ሆነ ሌላ፣ ከ11 ሰዓት በፊት የሚለቃችሁ ይሁን ብቻ። ፌዴሬሽኑ የአሰልጣኝነት ስልጠና ሲያወጣ ተመዝገቡ፣ እስከዛው ፊባ ለአሰልጣኞች በነጻ ድረገጽ ላይ የለቀቀው ማኑዋል አለ፣ ሶስት ደረጃ ነው፣ አንደኛውን ብቻ በደንብ ብታነቡ ከብዙዎቻችን ትቀድማላችሁ።

አካውንቲንጉ ልጅ ግን ነገ 11 ሰዓት ይምጣ። እስክሪብቶ ሁለት ይያዝ፣ አንዱ ሁሌ አራተኛው ኳርተር ላይ ነው የሚያልቀው።