ለሰርጋችሁ ሙዚቀኛ ስትይዙ

የሰርግ ኪቦርድ ተጫዋች ነኝ። ደንበኞች ሲደውሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት ዋጋ ነው። እኔ ግን የሁለቱን ቤተሰብ አገር አስቀድሜ እጠይቃለሁ። አንዱ ወገን ጉራጌ፣ ሌላው የወሎ ሰው ከሆነ ሁለቱንም ምት አሳምሮ የሚያውቅ ከበሮ መቺ ያስፈልጋል። የሙሽራው አያት የአገራቸውን ጨዋታ ሳይሰሙ ወደ ቤት መሄድ የለባቸውም።

ተክሊል ላይ ባንድ የለም። ዜማው የካህናቱና የመዘምራኑ ነው፤ ከበሮውም ጸናጽሉም የእነሱ። ፕሮቴስታንት ከሆናችሁ ኳየሩንና ኪቦርዱን ከቤተ ክርስቲያናችሁ ጋር ጨርሱ። ጠዋት ሙሽሪት ቤትም ባንድ አያስፈልግም። «አናስገባም» የሚሉት ጓደኞቿ ናቸው ሙዚቃው። አንድ ከበሮ ይበቃል። ገንዘባችሁን ለአዳራሹ አቆዩት።

ጥር ላይ የምታገቡ ከሆነ ወራት አስቀድማችሁ ያዙ። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ያሉት ቅዳሜና እሁዶች ቶሎ ያልቃሉ። በቪዲዮ ብቻ አትስማሙ፤ ልምምድ ቦታ ሄዳችሁ በጆሯችሁ ስሙ። የወደዳችሁት ድምፃዊ ራሱ እንዲመጣ ስሙ ውሉ ላይ ይግባ።

ቀብድ ስትሰጡ በጽሑፍ ይሁን። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ውሉን ቀብድ ሰጪው ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ሰዓቱንም «ከ8 እስከ 11» አትበሉ። ሙሽሮች ፎቶ ላይ ይቆያሉ። «ሙሽሮች ከገቡ በኋላ 3 ሰዓት» ብላችሁ ጻፉ፤ የተጨማሪ ሰዓቱም ዋጋ አብሮ ይጻፍ። ሳውንድ ሲስተሙን ማን እንደሚያመጣና አዳራሹ ጄኔሬተር እንዳለው ሳታረጋግጡ አትፈርሙ።

ማሲንቆ ተጫዋች ጨምሩ። በጣም የምለምናችሁ ይህንን ነው። ኪቦርድ የማሲንቆ ድምፅ ያወጣል ይሏችኋል፤ ኪቦርዱን የምጫወተው እኔ ነኝና እመኑኝ፣ አይተካውም። አዝማሪው እንግዳ ፊት ቆሞ ስሙን ጠርቶ ይገጥምለታል። «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የሚሰጠውም አይጠፋም፤ ያን ጊዜ የተቀመጠው ሁሉ ይነሳል። ስለዚህ የወላጆችን፣ የአያቶችንና የሚዜዎችን ስም ከነዝምድናቸው ጽፋችሁ ስጡት። በቅርቡ ሐዘን የደረሰበት ሰው ካለም በጆሮው ንገሩት፤ አባቷን በዚያው ዓመት የቀበረች ልጅን «አባትሽ ይኑርልሽ» ቢላት ሰርጉ ልቅሶ ይሆናል። ማሲንቆው የራሱ ማይክ ይኑረው፤ አለዚያ በድራሙ ይዋጣል። ግንባር ላይ የሚለጠፈው ሽልማት የግለሰቡ ይሁን የባንዱ ቀድሞ ይታወቅ።

እናቶች በጭብጨባና በእልልታ መዝፈን ሲጀምሩ እኛ ዝም እንበል። ይህንንም ለባንዱ መሪ ንገሩት። ብዙ ተጫዋች ድምፁን ከፍ አድርጎ ይሸፍናቸዋል፤ በጣም ያሳዝነኛል። ሙሽሪትን ያሳደጓት ሴቶች ሲዘፍኑላት ከዚያ የሚበልጥ ሙዚቃ እኛ ጋ የለም።

ምሳ ከእንግዳው ቀደም ብላችሁ አብሉን። ቀሪውን ክፍያ አንድ ሚዜ ይያዝ፤ ስልኩንም ከሰርጉ በፊት ስጡን።