የአየርላንድ ምርጫ ላይ ተደጋግመው የሚሠሩ ስህተቶች

አየርላንድ ምርጫ ባደረገች ቁጥር በአማርኛ የሚወራው ነገር ያው ነው። "እገሌ ፓርቲ አሸነፈ፤ መሪው ጠቅላይ ሚኒስትር ሊሆን ነው" ይባላል። ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ሰው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ "ተጭበረበረ እንዴ?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። አልተጭበረበረም። ሕዝቡ የመረጠው የምክር ቤት አባላትን ነው፤ መንግሥቱ የሚወለደው ከዚያ በኋላ በሚመጣው ስሌትና ድርድር ነው። (ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

"አንደኛ ወጣ" እና "መንግሥት ሆነ"ን ማምታታት

በየካቲት 2020 ሺን ፌን የተባለው ፓርቲ በ24.5 በመቶ ድምፅ አንደኛ ወጣ። ነገር ግን ያቀረበው 42 ተወዳዳሪ ብቻ ስለነበር ከ160ው ወንበር ያገኘው 37 ነው። ከዓመት በፊት በአካባቢ ምርጫ ስለተመታ ፈርቶ ዕጩ ቀንሶ ነበር፤ ድምፁ ሲመጣ የሚቀበለው ሰው አጣ። ሌሎቹ ፓርቲዎች፣ ፊአና ፎል 38፣ ፊነ ጌል 35፣ አረንጓዴዎቹ 12 ይዘው ሦስቱ 85 ሆኑና መንግሥት መሠረቱ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከመቶ ዓመት በፊት በእርስ በርስ ጦርነት ተቃራኒ ጎራ ከነበሩት የተወለዱ ፓርቲዎች ናቸው፤ አንድ ካቢኔ ውስጥ ተቀምጠው አያውቁም ነበር።

የመጀመሪያውን ቆጠራ እንደ ውጤት ማየት

እዚህ ላይ ትዕግሥት ያልቃል። መራጩ አንድ ሰው ላይ ምልክት አድርጎ አይወጣም፤ ተወዳዳሪዎቹን እንደ ምርጫው 1፣ 2፣ 3 እያለ ቁጥር ይሰጣቸዋል። አንድ የምርጫ ክልል ከ3 እስከ 5 ወንበር አለው። ለማለፍ የሚያስፈልገው ድምፅ ኮታ ይባላል። የተሰጠውን ዋጋ ያለው ድምፅ በወንበሮቹ ብዛት ላይ አንድ ደምራችሁ አካፍሉት፤ ከዚያ 1 ጨምሩበት። ባለ 4 ወንበር ክልል ውስጥ 40,000 ድምፅ ቢሰጥ፣ ለ5 ሲካፈል 8,000፣ ኮታው 8,001 ነው።

"ሀ" የተባለው ተወዳዳሪ 9,001 አገኘ እንበል። ያልፋል፤ 1,000 ትርፍ አለው። ትርፉ አይጣልም። የ"ሀ" 9,001 ወረቀት ሁሉ እንደገና ይገለጥና ሁለተኛ ምርጫው ይታያል። 6,000ው "ለ"ን፣ 2,000ው "ሐ"ን ቢሉ፣ 1,001ዱ ደግሞ ቀጣይ ምርጫ ባይኖራቸው፣ መተላለፍ የሚችለው 8,000 ነው። ትርፉ የዚያ ስምንተኛ ስለሆነ ለ"ለ" 750፣ ለ"ሐ" 250 ይደርሳል። በኋለኞቹ ቆጠራዎች የሚገኝ ትርፍ ከሆነ ግን የሚገለጠው መጨረሻ የመጣው ጥቅል ብቻ ነው። የሚተላለፍ ትርፍ ሲያልቅ ዝቅተኛው ተወዳዳሪ ይሰናበትና ወረቀቶቹ ወደ ቀጣዩ ምርጫ ይሄዳሉ። ይህ ሁሉ በእጅ ይቆጠራል፤ ቀናት ይወስዳል። መጨረሻ ላይ የቀሩት ሰዎች ከቀሩት ወንበሮች ጋር እኩል ሲሆኑ ኮታ ያልሞላም ያልፋል።

እንግዲህ በኅዳር 2024 ደብሊን ሴንትራልን ተመልከቱ፤ ባለ 4 ወንበር ነው። የግል ተወዳዳሪው ጄራርድ ሃች በመጀመሪያው ቆጠራ አራተኛ ነበር። "ገባ!" ብሎ የጮኸው ብዙ ነው። ከሱ በታች የነበረችው የሌበር ፓርቲዋ ማሪ ሼርሎክ ከተሰናበቱት የሚመጣውን ድምፅ እየለቃቀመች አልፋው ወንበሩን ወሰደች። 1 ብሎ የሚጽፍለት ደጋፊ ኖሮት 2 እና 3 ብሎ የሚጽፍለት ያጣ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው።

ጣቢያዎች ሲዘጉ የሚወጣውን የመራጮች ቅኝት ማመንም ያው ነው። በ2024 ሺን ፌን 21.1፣ ፊነ ጌል 21.0፣ ፊአና ፎል 19.5 ብሎ ነበር። ሦስተኛ የተባለው ፊአና ፎል 48 ወንበር ይዞ አንደኛ ወጣ።

ወረቀቱ ላይ

2 ብዬ ብጽፍ የመጀመሪያ ምርጫዬን እጎዳለሁ የሚል ፍርሃት አለ። አይጎዳም፤ ሁለተኛው የሚታየው የመጀመሪያው ካለፈ ወይም ከወደቀ በኋላ ነው። ሁለት ቦታ 1 መጻፍ ወረቀቱን ያበላሸዋል። 1፣ 2፣ 4 ብሎ መዝለል ደግሞ ድምፁን 2 ላይ ያስቆመዋል።

እዚያ የምትኖሩ ሐበሾች፦ ነዋሪ በመሆን ብቻ የሚመረጠው የአካባቢ ምክር ቤት ነው። ለፓርላማው ለመምረጥ የአየርላንድ ወይም የብሪታንያ ዜግነት ያስፈልጋል።

88ን እንደ ድንጋይ ማየት

አሁን ያለው ምክር ቤት 174 ወንበር አለው፤ ግማሽ ሲደመር አንድ 88 ነው። ፊአና ፎል 48፣ ፊነ ጌል 38፣ ድምር 86። "ሁለት ጎደለ" ተብሎ ይቆማል። አፈ ጉባኤው ግን የሚመርጠው ድምፅ እኩል ሲሆን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ድምፅ የሚሰጠው 173 ሰው፣ የሚያስፈልገውም 87 ነው። የአፈ ጉባኤውን ወንበር ለራሳችሁ ፓርቲ ሰው ብትሰጡ 85 ትሆናላችሁ፤ ለውጭ ሰው ብትሰጡ 86ታችሁ ሳይነካ ገደቡ በአንድ ይወርዳል። በታኅሣሥ 2024 ቬሮና መርፊ የተባለች የግል ተመራጭ አፈ ጉባኤ የሆነችው እንዲያው በአጋጣሚ አይደለም።

"አገሪቱ መንግሥት የላትም"

አላት። ሕገ መንግሥቱ ተተኪው እስኪሾም የነበረው መንግሥት ሥራውን እንዲቀጥል ያዛል። የጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ሊዮ ቫራድካር በየካቲት 2020 የምክር ቤቱን ድምፅ ቢያጣም የኮቪድን የመጀመሪያ ወራት የመራው እሱ ነው። በዚያ ወቅት የጎደለው ሌላ ነበር። ከ60 የሴኔት (የላይኛው ምክር ቤት) አባላት 11ዱን የሚሾመው በምክር ቤቱ የተመረጠው አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ነው፤ እሱ እስኪመጣ ሴኔቱ ጎዶሎ ነው፣ ሕግም ማጽደቅ አይችልም። ፕሬዚዳንቱ ደግሞ ትልቁን ፓርቲ ጠርቶ "መሥርት" አይልም፤ ምክር ቤቱ የሰየመውን ይሾማል።

መሪዎቹ ሲጨባበጡ አለቀ ማለት

የፓርቲ አባላት ድምፅ ገና ይቀራል። በ2020 አረንጓዴዎቹ ስምምነቱን ለመቀበል ከአባሎቻቸው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋቸው ነበር፤ 76 በመቶ አገኙ። ያ ባይሆን ኖሮ የወራት ድርድር ገደል ይገባ ነበር።

ከግል ተመራጮች ጋር ደግሞ ጥቃቅኑን ነገር ሳይጽፉ መፈረም አለ። በጥር 2025 የፊአና ፎሉን መሪ ሚሃል ማርቲንን ጠቅላይ ሚኒስትር አድርጎ ለመሰየም ሁሉም ነገር ዝግጁ ነበር። ነገር ግን መንግሥትን እንደግፋለን ያሉ አንዳንድ የግል ተመራጮች በተቃዋሚ የንግግር ሰዓት እንናገራለን አሉ። ተቃዋሚዎች ተነሡ፣ ጩኸት ሆነ፣ ስብሰባው እየተቋረጠ እየተቀጠለ ጥር 22 ያለ ድምፅ አለፈ። ማርቲን የተመረጠው በማግስቱ 95 ለ76 ነው፤ በስምምነቱ መሠረት እስከ ኅዳር 2027 ይመራል፣ ከዚያ ቦታው የፊነ ጌል ይሆናል። የንግግር ሰዓቱ ጭቅጭቅ ግን እሱ ከተመረጠም በኋላ ቀጠለ።