የቲቢ መድኃኒት እየወሰደ ያልተሻለው ታካሚ፦ ምን ይፈተሽ? ምን ይደረግ?

ተኝቶ የሚታከም የቲቢ ሕመምተኛ ካልተሻለው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚመጣው ሐሳብ «አንድ መድኃኒት እንጨምርለት» የሚል ነው። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። እየከሸፈ ባለ ሕክምና ላይ አንድ መድኃኒት ብቻ ከታከለ ባክቴሪያው አዲሱንም ይላመደዋል።

ምልክት፦ ሁለት ወር ታክሞም አክታው ፖዘቲቭ ነው፤ ክብደቱ አልጨመረም፤ ሳሉና ትኩሳቱ አልለቀቁትም።
ምክንያቱ መድኃኒቱን አለመዋጡ፣ ማስታወክ ወይም ተቅማጥ፣ አለዚያም መላመድ ሊሆን ይችላል። ማይክሮስኮፕ የሞተ ባክቴሪያንም ያሳያል።
መፍትሄ፦ ታካሚውን ሳትወቅሱ ጠይቁት። በዚያው ቀን አክታውን ለጂን-ኤክስፐርት (የባክቴሪያውን ዲኤንኤ ለሚያነበው ማሽን) እና ለካልቸር (ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ለማብቀል) ላኩ። ጂን-ኤክስፐርት ከዋናዎቹ የቲቢ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን መሥራት አለመሥራቱን ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይናገራል፤ ካልቸር ግን ሳምንታት ይወስዳል።

ምልክት፦ ጂን-ኤክስፐርት «ሪፋምፒሲን ይሠራል» ብሏል፤ ሕመሙ ግን አልቀነሰም።
ብዙ ታካሚ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። የተለመደው ካርትሪጅ (ናሙናው ተጨምሮ ማሽኑ ውስጥ የሚገባው ዕቃ) የሚያየው ሪፋምፒሲንን ብቻ ስለሆነ ሌላውን ዋና መድኃኒት አይሶናያዚድን የተላመደ ቲቢ ሳይታይ ያልፋል። ውጤቱ ላይ «ይሠራል» የሚል ስለተጻፈ ሁሉም ሰው ይረጋጋል፣ ታካሚውም በደካማ ሕክምና ላይ ይከርማል።
መፍትሄ፦ የአይሶናያዚድ ምርመራ ይታዘዝ። መላመዱ ከተረጋገጠ ሪፋምፒሲን፣ ኢታምቡቶል፣ ፓይራዚናማይድና ሌቮፍሎክሳሲን ለ6 ወር ይሰጣሉ። ሪፋምፒሲን እንደሚሠራ ሳይረጋገጥ ሌቮፍሎክሳሲን ከተጀመረ ግን ሪፋምፒሲንን ለተላመደው ከባድ ቲቢ የምንፈልገውን የመድኃኒት ቤተሰብ (ፍሎሮኪኖሎን) እናጠፋዋለን።

ምልክት፦ «ሪፋምፒሲን ተላምዷል» የሚል ያልተጠበቀ ውጤት።
ታካሚው ከዚህ በፊት ቲቢ ታክሞ የማያውቅ፣ መድኃኒት ከተላመደ ቲቢ ታማሚ ጋርም ያልኖረ ከሆነና በናሙናው ያለው ባክቴሪያ በጣም ጥቂት ከሆነ ስህተት ሊሆን ይችላል። በአዲስ አክታ ይደገም።

ሪፋምፒሲንን መላመዱ ከተረጋገጠ፦ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ዕድሜያቸው 14 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ የመከረው ቤዳኩሊን፣ ፕሪቶማኒድ፣ ሊኔዞሊድና ሞክሲፍሎክሳሲን የያዘ የ6 ወር ሕክምና አለ። መርፌ የለውም። ለነፍሰ ጡር፣ ቲቢው አንጎል ወይም አጥንት ለገባበት አይሆንም። የፍሎሮኪኖሎን (ሞክሲፍሎክሳሲን ያለበት ቤተሰብ) የመላመድ ምርመራ ይላክ፤ ሕክምናው ግን እሱን ጠብቆ አይዘግይ። መላመድ ከታየ ሞክሲፍሎክሳሲን ይወጣል። ክፍሉ መስኮቱ ተከፍቶ ለብቻው ይሁን፤ ታካሚው ማስክ፣ ባለሙያው ኤን-95 (አየር የሚያጣራ ማስክ) ያድርጉ።

ምልክት፦ እግር መደንዘዝና ማቃጠል፣ የፊት መገርጣት፣ የእይታ መደብዘዝ።
ምክንያቱ በአብዛኛው ሊኔዞሊድ ነው። የደም ሕዋስ ቆጠራና የዓይን ምርመራ ይሠራ፤ ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል ወይም ለጊዜው ያቆማል። እይታ ከቀነሰ ግን ወዲያው ይቁም።

ምልክት፦ ራስ መሳት ወይም የልብ ምት መዛባት።
ቤዳኩሊንና ሞክሲፍሎክሳሲን የኪውቲን ጊዜ (ልብ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ለቀጣዩ ለመዘጋጀት የሚወስድባትን የኤሌክትሪክ ጊዜ) ያራዝማሉ። ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ) ይነሳ፤ የኪውቲ ጊዜ ከ500 ሚሊሰከንድ ካለፈ የሚያራዝሙት መድኃኒቶች ይቁሙ፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ይለኩና ይስተካከሉ። ኤችአይቪ ያለበት ታካሚ ኢፋቪሬንዝ የተባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት ከወሰደ የቤዳኩሊን መጠን በደም ውስጥ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በዶሉቴግራቪር ይቀየርለት።

ሕክምናው መሥራቱን በየወሩ በማይክሮስኮፕና በካልቸር ተከታተሉ። ጂን-ኤክስፐርት የሞተ ባክቴሪያ ዲኤንኤንም ስለሚያነብ ለዚህ አይጠቅምም።